ማህተም የሌለው ቅጂ

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ዓይነ ስውር ተማሪ፣ ነጭ በትሯን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ ሳይጨማደድ የተያዘ ወረቀት አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ማህተም አለበት?» አለችኝ።

ለኮሌጇ ያስገባችው ማመልከቻ ቅጂ ነው። ለሰኞው ፈተና ጥያቄ የሚያነብላት ሰውና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጧት ትጠይቃለች፤ «በሕግ የተሰጠኝ መብት እንጂ ውለታ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገርም አለበት። ወረቀቱን ገለባበጥኩት። «ማህተምም ቁጥርም የለውም» አልኳት።

«የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መትቼልሻለሁ ብሎኝ ነበር። የማህተሙን ድምፅ ግን አልሰማሁም፤ ጠርጥሬያለሁ!» አለች። ባለፈው ሴሚስተር «መቼ አመለከትሽ?» ተብላ፣ ማስረጃ አጥታ ሳትፈተን ቀርታለች።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ገና ከከተማው አልወጣንም።

ከኋላችን የተቀመጡ እናት፣ «ተይ ልጄ፣ እግዜር ይፈርድልሻል» አሏት።

«እሱ እስኪፈርድ እነሱ ማህተሙን ይምቱልኝ፣ እትዬ!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በትሯን ዘርግታ ስትወርድ፣ «ልሸኝሽ?» አልኳት።

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ ካልመቱልኝ፣ ቢሮውን የሚቆልፉት እኔን ውስጥ ትተው ነው።»