ቫይረስ የሌለበት ሳህን

ዳማከሴን ማንም ያውቃል። ምች የመታው የአዳማ ሰው ከጓሮው ይቀነጥሳል፣ በመዳፉ ያሻል፣ ይጨምቃል፤ የእኔ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። እኔ የፈለግሁት ሰው የማያውቀውን ቅጠል ነበር። እሱ ደግሞ ያለው ሁሩታ አጠገብ በሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት አዋቂ እጅ ነው። እናቴን አልማዝ ባለጭራ የሚሉት የሚያቃጥል ሽፍታ ወገቧ ላይ ወጥቶባት ስትንገበገብ ቀብተው ያከሟት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቅጠሉን እንዲያሳዩኝ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። የሰጡኝ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ነው። ስሙን አይናገሩም፣ ቁጥቋጦውንም አያሳዩም፤ በቤታቸው ወግ የሚያየው ወራሽ ብቻ ነው፣ እሱም ቀኑ ሲደርስ።

"ቀኑ መቼ ነው?" አልኳቸው።

"ሲደርስ" አሉኝ።

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ ቫይረስ በእጄ እያራባሁ፣ እንደ ሕፃን ተቋጥሮልኝ ልመለስ! ቢሆንም ወሰድኩት። በሥራዬ እተማመናለሁ። ስወጣ ግን ውጤቱን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ እንድነግራቸው ቃል አስገቡኝ።

ዱቄቱን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ አልኮሉን አትንኜ የቀረውን ዝልግልግ ነገር በጠብታ በጠብታ አቀጠንኩ። ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲህ ነው፦ ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሕያው ሕዋስ ይዘራል፣ ቫይረስ ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ የቅጠሉ ጭማቂ። እኔ የጨመርኩት ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣውን ቫይረስ ነው፤ የአልማዝ ባለጭራ የቅርብ ዘመድ ነው። ጎን ለጎን ሁለተኛ ሳህን ይቀመጣል። እዚያ ላይ ሕዋስና ጭማቂ ብቻ እንጂ ቫይረስ የለም፤ ጭማቂው ራሱ ሕዋሱን ይገድል እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ሳህን ቀድቼ ብለካ ቫይረሱ የለም ማለት ይቻላል። ጮህኩ። ሁለተኛውን ሳህን እንኳ ሳልከፍት ስልኬን አነሳሁ።

"አባባ! ቅጠልዎ ቫይረሱን ድራሹን አጠፋው!"

"ገለቶሚ፣ ልጄ" አሉኝ። በኦሮምኛ ማመስገናቸው ነው።

ሁለተኛውን ሳህን ያየሁት በማግስቱ ነው። ሕዋሶቹ ተኮማትረው፣ ከሳህኑ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። አንድም የተረፈ የለም። ቫይረስ የሚራባው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ነው። ቤቱን ያቃጠለ እሳት አይጦቹንም ይጨርሳል፤ ያ ግን የአይጥ መድኃኒት አይባልም። ለተማሪዎቼ ስንቴ የሰበክሁት ነገር ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ። የምሥራቼን የሰማ ሰው ያንን ነገር ሊጠጣው ይችላል። ጋውኔን አውልቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ በራቸው ላይ ሰባት ስምንት ሰው ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። "አዳማ በማሽን ተረጋግጧል አሉ" አለችኝ አንዲት ሴትዮ፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ። "የሚቀባውንማ ድሮም እናውቀዋለን፤ አሁን የምንጠጣውን ነው የፈለግነው።"

ሽማግሌውን ወደ ጓሮ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ለሚጠጣ ሰው ሰጥተዋል?" ስል ጠየቅኳቸው።

"በዕድሜዬ ለመጠጥ ሰጥቼ አላውቅም። ዛሬ ግን እምቢ ስል 'የአዳማዋ ልጅ ፈቅዳ የለ' ይሉኛል። በእኔ አፍ አይመለሱም። አንቺው ንገሪያቸው።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሩ ላይ ቆምኩ። "የአዳማዋ እኔ ነኝ" አልኩ። "ተሳስቻለሁ። ጭማቂው ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ሕያው ሕዋሱንም ገድሏል። ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። እንዳትጠጡት።"

"ታዲያ ምን ተማርሽ?" አለኝ አንዱ።

ፊቴ ጋለ። "ስሳሳት ማወቅን" አልኩት። አንድ ሁለቱ ሳቁ፣ ሌሎቹ እያጉረመረሙ ጠርሙሳቸውን ይዘው ተበተኑ። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።

ዞር ስል ሽማግሌው ማጭድ ይዘው ቆመዋል። "ነዪ" ብለውኝ ከእርሻው ጀርባ ወደ ገደሉ ጫፍ ወሰዱኝ። በትከሻዬ ልክ የሆነ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቁጥቋጦ ፊት ቆሙ።

"ወጣት ሳለሁ ለአንድ ሰው የማይሆን ቅጠል ሰጥቼ ነበር። ደጁ ሄጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ አጥፍቻለሁ ያልኩ ዕለት ነው አባቴ እዚህ ያመጣኝ" አሉ። "ቀኑ እሱ ነው።"

አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው እጄ ላይ አኖሩልኝ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

አዳማ ተመልሼ ከቆረጡልኝ ቅጠል ጭማቂ አወጣሁ፤ ከበፊቱ በጣም አቀጠንኩት። ሳህኖቹ በሙቀት የሚቆዩበትን ኢንኩቤተር የከፈትኩ ጠዋት መጀመሪያ ያነሳሁት ቫይረስ የሌለበትን ሳህን ነው። ሕዋሶቹ ሕያው ናቸው፣ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ሌላውን ሳህን ከማውጣቴ በፊት ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን ለተማሪዬ ሰጠኋት።