ሚኒባስ ውስጥ የተጠረጠርን

ሞጣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። እህቴ ብቸና የሠራችውን ቤት ስታስመርግ ላግዛት ሄጄ፣ ጭቃ ሳቀብል ውዬ ልብስ ሳልቀይር ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የቀሚሴ ጫፍ ጭቃ ነው፤ ጥፍሬም እንዲሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ የተረፈው ቦታ ከኋላ ነበር። ከጎኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ድስቶቻቸውን በጭድ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ቦታው ለምን እንደተረፈ ገብቶኛል፤ ሸክላ ሠሪ አጠገብ መቀመጥ ብዙ ሰው አይወድም። ከፊታችን አንዲት ጨርቅ ነጋዴ፣ ከእሷ ጎን ደግሞ ጥቁር ካፖርት ላይ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ሞጣ ውስጥ ሆቴል ያላቸው አዛውንት ተቀምጠዋል። ረዳቱ ሲያሳፍራቸው ክንዳቸውን ደግፎ ነበር።

ጉንደ ወይን ሳንደርስ ነጋዴዋ "ስልኬ የለም" አለች። ቦርሳዋን ዘረገፈች፤ ጎንበስ ብላ ወንበሩ ሥር ፈለገች። ረዳቱ ሊደውልላት ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየን። የጠረጠሩት እኔንና ሸክላ ሠሪዋን እንደሆነ አልጠፋኝም።

"አንቺ፣ እስኪ ተነሺ" አለኝ ረዳቱ።

"እኔ ምን አገባኝ በስልኳ?"

"ተነሺ ብዬሻለሁ።"

ተነሳሁ። ፌስታሌን ከእጄ ወስዶ እህቴ የሰጠችኝ ሽሮ ውስጥ እጁን ሲከት ፊቴ ነደደ። ይሄኔ ከመሀል አንዲት ሴት "ኧረ ተው፣ ነርስ ናት እኮ። ልጄን ያከመችልኝ እሷ ናት" አለች።

ረዳቱ ፌስታሌን ቶሎ መለሰልኝ። "ይቅርታ ሲስተር፣ አላወቅኩዎትም። ይቀመጡ።" ከዚያ በእናቱ ዕድሜ ወደሚሆኑት ሴት ዞረ። "እንግዲህ አንቺ ነሽ። ፍቺው።"

ሸክላ ሠሪዋ ጭዱን መፍታት ጀመሩ። ድስቶቹን እያወጡ ጭናቸው ላይ ሲደረድሩ መኪናው ዘለለና አንዱ ወድቆ ተሰነጠቀ።

"የፊተኞቹስ ለምን አይፈተሹም?" አልኩት። "ከነጋዴዋ ጎን ያሉት እሳቸው ናቸው።"

"እሳቸውን? ሲስተር ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። ሰውም ሳቀ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም፤ አልዞሩምም። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከጋቢያቸው አላነሳሁም።

ጉንደ ወይን ስንገባ ኔትወርክ መጣ። ረዳቱ እንደገና ሲደውል ስልኩ ከአዛውንቱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ጮኸ።

"ምን ጉድ ነው፣ የራሴ መስሎኝ ይሆናል" ብለው አወጡት። በሌላ እጃቸው የያዙት የራሳቸው ስልክ ትንሽ፣ ባለ ቁልፍ ናት። የነጋዴዋ ሰፊ ባለ ስክሪን ነው። ነጋዴዋ ግን በሁለት እጇ ተቀብላ "ያጋጥማል አባባ" አለቻቸው። አንዱ ስለ እርጅና ቀለደና ሁሉም ቀለለው። የተሰነጠቀውን ድስት ያነሳ የለም።

ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ዛሬም አላውቅም። ስልኩ ከጭዱ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ግን ጉንደ ወይን ላይ መጀመሪያ የምንቆመው ፖሊስ ጣቢያ በር ነበር።

ከወራት በኋላ ሸክላ ሠሪዋን ሞጣ ገበያ አገኘኋቸው። ድስት እየመረጥኩ "ያን ቀን በከንቱ ጠረጠሩዎት" አልኳቸው።

"እኔማ ወሳጇ አንቺ መስለሽኝ ነበር" አሉ።

"እኔ? ለምን?"

"ደህና ሰው መቼ እኔ አጠገብ ይቀመጣል? ልብስሽም ልብስ አልነበረም። ሲስተር ሲሉሽ ነው ተራው የኔ መሆኑን ያወቅሁት።"

ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ነገር ግን ተናደድኩ፤ ረዳቱ ፌስታሌን ሲበረብር ከተናደድኩት ይብስ። ሌላ ሰው ሳይሆን ሁሉም የሚሸሻቸው እሳቸው ስለጠረጠሩኝ ይሁን እንጃ። ድስቱን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ ለምን እንደተናደድኩ ራሴን ደጋግሜ ጠየቅኩ፤ ስለተሟገትኩላቸው ነው ብዬ የመለስኩትን ግን ራሴም አላመንኩትም።