አስተናጋጁ ሪዞስ ድመቱን ማስክ እንዳስለመዳት

ማስኩ ከበረንዳው ተስፈንጥሮ ወጣና ታች የሪዞስ ጎረቤት ፖሊክሴኒ ባሰጣችው አንሶላ ላይ አረፈ።

«ኪር ሪዞ!» አለች ፖሊክሴኒ፣ አቶ ሪዞስ ማለቷ ነው፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች። «ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው የምትወረውርብኝ?»

«የድመቷ መድኃኒት ነው።»

«ድመቷስ?»

«ምድጃው ሥር ገብታለች።»

«አንተስ?»

«እየደማሁ ነው።»

ሪዞስ ወፍራም የብርድ ካፖርት ለብሶ፣ በሁለቱም እጆቹ የምድጃ ጓንት አጥልቆ ነበር። ወሩ መስከረም ነው፤ በግሪክ የወደብ ከተማ በቮሎስ ሙቀቱ ገና አልለቀቀም። ካፖርቱን የለበሰው ከጥፍር ያድነኛል ብሎ ነው። አላዳነውም። ድመቷ ፓላሚዳ ጓንቱን በጥርሷ በስታ፣ አንገቱን ቧጭራ፣ ማስኩን በኋላ እግሯ መትታ አመለጠች። ላቡ በጀርባው እየወረደ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ምድጃው ሥር የሚያበሩትን ሁለት ዓይኖች ተመለከተ።

«ለአንቺው ብዬ ነው፣ አንቺ ጉደኛ» አላት።

ድመቷ ሳለች።

ነገሩ ሁሉ ከዚያ ሳል የመጣ ነው። ፓላሚዳ ግራጫ ናት፤ ጀርባዋ ላይ እንደ ፓላሚዳ ዓሣ ጥቁር መስመር ስላላት በዓሣው ስም ጠራት። ሲብስባት ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ አንገቷን ወደፊት ዘርግታ ትስላለች። ሪዞስ መጀመሪያ ፀጉር የዋጠች መስሎት ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ምላሷ ሰማያዊ ሆነ። በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልሏት ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ላምብሪኒ ሮጠ፤ በመርፌ ተረፈች። ከዚያ በኋላም መርፌው ተደጋገመ።

በነሐሴ መጨረሻ ላምብሪኒ የደም ምርመራውን አይታ ፊቷ ጠቆረ።

«ኪር ሪዞ፣ በመርፌው መቀጠል አንችልም። ስኳሯ እየጨመረ ነው። አስሟን አስታግሠን በስኳር እንገድላታለን።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንደ አስም በሽተኛ ሰው በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ትውሰድ። ይቺ ማስክ አፍንጫዋ ላይ ትሆናለች። ከማስኩ ቀጥሎ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ ፓፉ። ተጭነውት አሥር ጊዜ ያህል ከተነፈሰች በቃ። ፓፉ ሁለት ነው፦ ብርቱካንማው የዘወትር ነው፤ ሰማያዊው ትንፋሽ ሲያጥራት ነው።»

«እምቢ ካለችስ?»

«ሰፈሩ ምድጃ ማንደድ ሳይጀምር እሺ ያሰኟት። ጭሱ ሲመጣ ማስኩን ካልለመደች የምሰጣት ሌላ ነገር የለኝም። ደግሞ በጉልበት እንዳይሞክሩ። ትንሽ በትንሽ፣ እየሸለሙ።»

ሪዞስ ራሱን ነቀነቀ። ምክሩ ግን በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አረቄ ቤት እያስተናገደ ሰካራም ከወንበር ሲያነሣ የኖረ ሰው አንዲት ድመት አታቅተውም ብሎ አሰበ። ካፖርቱን የለበሰው ለዚህ ነው።

በሰባ አንድ ዓመቱ ሪዞስ ከዚያች ድመት ሌላ በቤቱ ማንም የለውም፤ በዚህ ግን ሲያማርር የሰማው ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ታጭቷል። የመጀመሪያዋ እጮኛው በምሽት ሥራው ተማረረች። ሁለተኛይቱ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አልወድም አለች። እሱም ሥራውን መረጠ። ወደብ ዳር ባለው አረቄ ቤት የመርከብ ጫኞች፣ ዳኞች፣ ሙሽሮችና ከቀብር የተመለሱ ሰዎች በእጁ በልተዋል። ጡረታ ሲወጣ ከወደቡ ያመጣው ነገር ቢኖር ነጭ ፎጣውንና መረብ መካከል ተኝታ ያገኛትን ግልገል ድመት ነው።

ጉልበቱ እንዳላዋጣ ሲያይ ሽልማቱን ሞከረ። ዓሣ ገበያ ወርዶ ትልልቅ ሽሪምፕ ገዛ፤ ቅርፊቱን ልጦ፣ ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ ከማስኩ አጠገብ ደረደረው። ፓላሚዳ መጣች። ሽሪምፑን አንድ ባንድ በላች። ማስኩን እንደ ተራ ዕቃ አየችው። ከዚያ ጭራዋን አቁማ በደረጃው ወረደች።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሽሪምፑንም ግማሹን ትታው ሄደች።

ሪዞስ ተናዶ ወደ ድሮው አረቄ ቤቱ ሄደ። የወደብ ክሬን ነጂ የነበረው ኪርያዚስ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። የሪዞስን አንገት አየና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሪዞ! በስተርጅና ሴት አገኘህ?»

«ድመቷ ናት።»

«እሱማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።»

«ዝም ብለህ ጠጣ፣ አንተ ዝገት!»

ሪዞስ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረው፤ ሽሪምፑን ሲናገር ድምፁ ከፍ አለ። በዚያው ጊዜ አዲሱ አስተናጋጅ ለጎረቤት ጠረጴዛ የመጀመሪያውን የአረቄ ጠርሙስ አመጣ። አብሮ ያስቀመጠው ሰሃን በከሰል የተጠበሰ ኦክቶፐስ፣ የቤቱ ምርጥ የባሕር ምግብ፣ ነበር። ሪዞስ ንግግሩን አቋረጠ።

«አየኸው? አየኸው ይሄን ጉድ? በመጀመሪያ ጠርሙስ ኦክቶፐስ!»

«ጥሩ ኦክቶፐስ ይመስላል።»

«ጥሩነቱ ነው ጥፋቱ!»

በቮሎስ አረቄ ቤት ሰው ምግብ አያዝም። ጠርሙስ ያዛል፤ ከጠርሙሱ ጋር ምን ሰሃን እንደሚመጣ የሚወስነው አስተናጋጁ ነው። ጠርሙስ በተደገመ ቁጥር ሰሃኑ ይሻላል። ሰው ከወንበሩ የማይነሣው ቀጥሎ የሚመጣውን ለማየት ነው። ኦክቶፐሱ የቀረበላቸው ሰዎች በሉ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ፣ ተነሥተው ሄዱ።

«ይኸው!» አለ ሪዞስ። «ምን ይጠብቁ? ቁንጮውን ቀምሰውታል።»

«አንተ ብትሆን ምን ታቀርብ ነበር?»

«የኮመጠጠ ቃሪያ። ከዚያ ባቄላ። ከዚያ ሰርዲን፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት። ሽሪምፕ የሚመጣው ሰውዬው ልነሣ ወይስ ልቀመጥ እያለ ሲያመነታ ነው። ያኔ ከች ታደርግለታለህ።»

ኪርያዚስ አንድ የወይራ ፍሬ አፉ ውስጥ አገላብጦ ዘሩን ተፋ።

«ለድመትህስ ሽሪምፑን በስንተኛው ጠርሙስ ነው ያቀረብክላት?»

ሪዞስ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ከዚያ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነሣ።

«ወዴት ነው?»

«ጠረጴዛ ልዘረጋ።»

በመጀመሪያ ደንበኛይቱ መራብ ነበረባት። ሪዞስ ቤት ለቤት እየዞረ ድመቴን አታብሉብኝ አለ። ያኔ ነው ጉዱ የወጣው። ፓላሚዳ በየቤቱ ስም አላት። ጫማ ሰፊው ጋ «ኮሎኔል» ትባላለች። ፋርማሲው ጀርባ ያሉት እህትማማቾች «ሙሽሪት» ይሏታል። በሁሉም ቤት ቁርስ ትበላለች። ፖሊክሴኒ ደግሞ ስም አላወጣችላትም፤ የዓሣ ጭንቅላት ብቻ ነው የምትሰጣት፣ ያውም በየቀኑ።

«ልታስርባት ነው?» አለች ፖሊክሴኒ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እኔ እኮ ለነፍሴ ብዬ ነው!»

«ጠግቦ የመጣ ሰው ሁለተኛ ጠርሙስ አያዝም፣ ኪራ ፖሊክሴኒ።»

«ድመቷን አረቄ ልታጠጣት ነው እንዴ?»

«ማስክ ላስለምዳት ነው! የዓሣውን ጭንቅላት ለኔ ስጪኝ።»

ሰጠችው፤ ለሦስት ቀን ግን አላነጋገረችውም።

ሪዞስ ነጩን ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አደረገ። ያለ ፎጣ እጁ አይታዘዝለትም። ማስኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና አጠገቡ አንዲት ደረቅ የድመት ብስኩት ጣለ። ፓላሚዳ በላችና ቀና አለች። ሁለተኛዋን ብስኩት ማስኩ ጠርዝ ላይ አደረገ። እሷን ለመብላት አፍንጫዋ ማስኩን መንካት ነበረበት፤ ነካው። ያኔ የሰርዲን ቁራሽ መጣ። የድመቷ ጆሮ ቆመ።

«ቆዪ ገና ነው» አላት ሪዞስ።

አፍንጫዋን ማስኩ ውስጥ ስታስገባ የዓሣ ጉንጭ ሥጋ አገኘች። ለአንድ አፍታ ስታቆየው አንዲት ሽሪምፕ መጣች። ሌላ ስትጠብቅ ሪዞስ ዕቃውን ሰብስቦ ተነሣ። ድመቷ እየጮኸች እስከ ማድ ቤት ተከተለችው። ደንበኛ ተከትሎት ሲጮህ ከሰማ ስንት ዓመቱ! እየሳቀ በሩን ዘጋባት።

ቀጥሎ ፓፉ ነበር። ሲጫኑት «ፍስስ» ይላል፤ ለድመት ይህ የጠብ ድምፅ ነው። ሪዞስ መጀመሪያ መኝታ ቤት ገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ትራስ ሥር ተጫነው። ወጥቶ ሰርዲን ሰጣት። ከዚያ ትራሱ ቀረ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። እንዲህ እያለ ጥቅምት ሲጋመስ ፓፉ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ፤ ፓላሚዳም «ፍስስ» ሲል ከንፈሯን መላስ ጀመረች።

የመጀመሪያውን እውነተኛ መድኃኒት የወሰደች ቀን ሪዞስ ደስታው አላስችል ብሎት ፖሊክሴኒን ጠራት። ሁለቱ ታርቀዋል፤ የዓሣ ጭንቅላት በየቀኑ እያቀበለች እስከ መቼ ታኮርፋለች? ፖሊክሴኒ በርከክ ብላ ተመለከተች። ድመቷ አፍንጫዋን አስገባች። ሪዞስ ተጫነ። ድመቷ ተነፈሰች፣ ተነፈሰች፣ ተነፈሰች።

«ወይኔ እናቴ!» አለች ፖሊክሴኒ። «እንዲህ ያለች ብልህ ድመት! ዓይን እንዳይበላት!» ብላ እንደ ወጉ ፊቷ ላይ ሦስት ጊዜ «እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!» አለችባት።

ፓላሚዳ ወደ ላይ ዘለለች። ማስኩ፣ የዓሣው ሰሃንና የፖሊክሴኒ መነጽር አብረው ተበተኑ። ድመቷ ቁምሳጥን ላይ ወጥታ ጀርባዋን ነፋች።

«ምን አደረግሽ?!»

«ከዓይን ጠበቅኋት! ውለታዬ ይሄ ነው?»

«የቸገራት መች ዓይን ሆነ፣ አየር ማጣት ነው እንጂ!»

«ያልተተፋበት ልጅ አድጎ አያውቅም፣ ኪር ሪዞ!»

ፓላሚዳ ለማስኩ ጀርባዋን ሰጠች። ሰርዲን፣ ሽሪምፕ፣ ምንም አልበገራትም። ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ሪዞስ ላምብሪኒ ጋ ደውሎ መርፌው እንደገና ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

«ስኳሯን ያውቁታል» አለች። «እንደገና ከታች ይጀምሩ። አንዴ የለመደች ድመት ሁለተኛው ላይ ትፈጥናለች። ትንሽ በትንሽ ብዬዎት ነበር እኮ።»

«አሁን ነው የሰማሁሽ፣ ልጄ።»

እንደገና ከብስኩቷ ጀመረ። ተቀይሞ የሄደ ደንበኛ ሲመለስ ስለ ቅያሜው አይነሣበትም፤ ወንበሩ ይሳብለታል፣ ቃሪያው ይቀርባል። ሪዞስ ይህን ያውቃል። አልለመናትም፣ አላባበላትም። ሰሃን አስቀምጦ ሰሃን አነሣ። ኅዳር ሲገባ አፍንጫዋ ማስኩ ውስጥ ተመለሰ፤ መድኃኒቱንም ጥቂት ቀን ወሰደች።

ከዚያ ከጴልዮን ተራራ ብርዱ ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በአንድ ልብ ምድጃውን አነደደ፤ የወይራ እንጨት ጭስ በደረጃው ሽቅብ ወጣ። ሪዞስ ገና መስኮቱን ሳይዘጋ ፓላሚዳ ወለሉ ላይ ተለጠፈች። አንገቷ ተዘረጋ። ሆዷ እንደ ወናፍ ይሠራል፣ ትንፋሽ ግን አይገባም።

ሪዞስ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ግማሽ ሎሚና አንድ የቃሪያ ማሰሮ። ሰርዲን የለም። ለመሸመት ሊወጣ ሲል ነበር የጀመራት።

«ኪራ ፖሊክሴኒ!» ብሎ ጮኸ።

ፖሊክሴኒ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ወጣች። «ጭሱ የኔ ነው? አጠፋዋለሁ! አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!»

«ዝም በይ ብቻ። ከቻልሽ ዝም በይ።»

ፖሊክሴኒ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሪዞስ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣለ። ሰማያዊውን ፓፍ ቱቦው ላይ ገጠመ። ድመቷን ሊይዛት ፈለገ፤ መስከረም ትዝ አለውና ተወው። ማስኩን ከፊቷ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ ያዘና ጠበቀ። ሰሃን የለም፣ የዓሣ ሽታ የለም፤ ባዶ ማስክ ነው።

ፓላሚዳ ማስኩን አየች። ሪዞስን አየች። ከዚያ ሆዷን ሳታነሣ ተስባ መጣችና አፍንጫዋን አስገባች።

ፍስስ።

አልሸሸችም። መጀመሪያ አጭር ትንፋሽ ሆነ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ፖሊክሴኒ እጇን ከአፏ ሳታነሣ በጣቶቿ ትቆጥራለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ የድመቷ ጎን መወዛወዙን ተወ። አንገቷ ወደ ቦታው ገባ። ተቀመጠች፣ አንድ መዳፏን ላሰች።

ከዚያ ማቀዝቀዣው በር ላይ ሄዳ ጮኸች።

«ምን አላት?» አለች ፖሊክሴኒ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሰሃኗን አዘገየሁባት» አለ ሪዞስ። መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ እብድ ይስቃል። «አርባ ዓመት ደንበኛ አስጠብቄ አላውቅም!»

ፖሊክሴኒ እየበረረች ወርዳ፣ ለእራቷ የጠበሰችውን ዓሣ ከነመጥበሻው ይዛ ወጣች። ሪዞስ እሾሁን አወጣላት። ሦስቱም እዚያው ወለሉ ላይ በሉት፤ ትልቁን ድርሻ ፓላሚዳ ወሰደች።

ከፋሲካ በኋላ ላምብሪኒ ብርዱን ያለ መርፌ ያለፈችውን ድመት መዝና፣ ከልክ በላይ ወፍራለችና ምግቧ በግማሽ እንዲቀነስ አዘዘች።