የወንድም ደም

ሰፈሩ በሙሉ ጉልቤ ይለዋል፤ ሶፋ አልባሽ ነው። ትልቅ ሶፋ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ ኩርፊያው ግን የሕፃን የሆነ ሰው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ጸጉሩ ሸብቶም እንኳ «እትዬ» ነው የሚላት።

እትዬን የደም ካንሰር ሲይዛት ሐኪሟ ቤተሰቡን ጠርታ፣ «መቅኔዋ ውስጥ ደም የሚያፈሩት እናት ሴሎች ተበላሽተዋል» አለች። «ስቴም ሴል እንላቸዋለን። የእሷን በመድኃኒት አጥፍተን የሚስማማት ሰው ጤነኛ ሴሎች እንተካላታለን።»

ጉልቤ ሲመረመር የሚስማማት እሱ ሆኖ ተገኘ። ደስታው የሚይዝ የሚጨብጠውን አሳጣው። ደሙ ካንዱ ክንዱ ወጥቶ፣ ማሽኑ ሴሎቹን ለቅሞ የቀረውን በሌላው ሲመልስለት፣ «ጨምሩ እንጂ! እኔ ምን ይጎድልብኛል?» እያለ ነርሷን አሳቃት። እትዬም ከረጢቱ ተሰቅሎ ወደ ደም ሥሯ ሲንጠባጠብ፣ «እንግዲህ ካሁን ወዲያ እኔም ማኩረፍ ልጀምር ነው» አለች።

ሴሎቹ ያዙላት። ክረምቱ ሳይወጣ በእግሯ ቤቷ ገባች። ጉልቤ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ደስታው ግን አልከረመም። ቆዳዋ ቀላ፣ ተላጠ፤ ሆዷ እህል አልቀበልም አለ። ካንሰሩ ያገረሸ መስሏቸው ሲሮጡ ሐኪሟ፣ «ካንሰሩ አይደለም» አለቻቸው። «አዲሶቹ ሴሎች ሰውነቷን እንደ ባዕድ ቆጥረው እየወጉት ነው። ያጋጥማል፤ የማንም ጥፋት አይደለም።»

ጉልቤ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው፦ የእሱ ደም እህቱን እየበላት ነው። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ድረስ ይመጣል፤ ከኮሪደሩ ግን አያልፍም። ግድግዳ ተደግፎ ቆይቶ ይመለሳል። በመጨረሻ የእህቱ ባል እጁን ይዞ እየጎተተ አስገባው።

«ምነው ጠፋህ?» አለችው በሰለለ ድምፅ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ...» አላት።

«አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። ሳዝልህስ ትከሻዬን ትነክሰኝ አልነበር? አውርጄ ጣልኩህ እንዴ?»

ፈገግ ልትል ስትሞክር የተሰነጠቀው ከንፈሯ ከለከላት። ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈች።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ፣ «እንዳንተ ያለውን ወንድም ያብዛው! ደምህን የሰጠህ!» ይለዋል። ምርቃቱ እንደ ጦር ይወጋዋል። ሰው ሲበተን አማቹ አጠገብ ተቀምጦ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለው።

«ተው!» አለ ባልየው ቆጣ ብሎ። «ድና ቤቷ የገባችበትን ያን ጊዜ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አሁን መልሰህ አትንጠቀኝ።»

ጉልቤ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። አፉ እሺ ይበል እንጂ ልቡ አልተቀበለም። ዛሬም ሲሰፋ መርፌ ጣቱን ከወጋው፣ ደሙን የሚጠርገው ፊቱን አዙሮ ነው። እሁድ እሁድ አማቹ ዘንድ ሄዶ ምሳ ይበላል። ስለ እትዬ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ፤ ያንን ነገር ግን ሁለቱም አያነሡትም።