የእናቴ ቀኝ ዓይን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሐኪም የጻፈውን አነብና ለየበሽታው ኮድ እሰጣለሁ። ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ተቀለበሰ ለማለት እንኳ የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ የላይኛው ቆብ ይሁን የታችኛው፣ ምን እንዳመጣው፣ ሁሉም መጻፍ አለበት። ሐኪም ያልጻፈውን ከየት አምጥቼ ኮድ እሰጣለሁ? በዚህ ነገር ያልተጣላሁት ሐኪም የለም። "አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ" ይሉኛል። አዎ፣ አበዛዋለሁ።

እናቴ የዚሁ በሽታ ሰው ናት። ከይጁቤ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ትራኮማ ያልጎበኘው ቤት አልነበረም። የእሷን ግን ቆቧን ወደ ውስጥ አጠፈውና ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይፍቅ ጀመር። ግራ ዓይኗ ነጭ ሆኖ ከጠፋ ቆይቷል። የቀራት ቀኙ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቀላና ሲያነባ ነው የሚውለው።

አባቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ብርሃን ባለበት ደጃፍ ላይ ያስቀምጣትና፣ ራሷን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የበቀለውን ፀጉር በወረንጦ ይነቅልላታል። ልጆች ሆነን አጠገባቸው ስንንጫጫ፣ እጄን ታስቱኛላችሁ እያለ ያባርረን ነበር። ሲጨርስ ዓይኗን እፍ ይልላታል። እሷም ቀና ብላ ዙሪያውን እያየች ትመርቀዋለች። እኔ ባልና ሚስት ማለት ይሄ ይመስለኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው ቤት እንደማይደረግ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ የሆነ ጤና ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥቶ ወረንጦውን አየና ተቆጣት። ዓይንሽን የሚያጠፋው በሽታው ሳይሆን ይሄን የሚይዘው እጅ ነው አላት። አባቴ እርሻ ላይ ስለነበር አልሰማም፤ እሷም አልነገረችውም። ከዚያ ወዲህ ለሐኪም መናገር ተወች። መነቀሉ ግን አልቀረም፤ ምን ታድርግ? ፀጉሩ ሲበቅል እሳት ነው የሚሆንባት።

አምና ቆብ የሚያስተካክል የቀዶ ሕክምና ቡድን እኛ ጋ ለጥቂት ቀናት እንደሚመጣ ስሰማ ደስ ብሎኝ ሁለቱንም አስመጣኋቸው። ቀኝ ዓይኗ እንደ ግራው ሳይጠፋ ቶሎ ይደረስላት ብዬ ነው። ጠዋት እኔ ቀድሜ ሥራ ገባሁ፤ እነሱ ደግሞ ከቤቴ ተነሥተው ራሳቸው ወረፋ ያዙ። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር፣ እናቴ ሰው ፊት እያነባሁ አልቀርብም ብላ ከመውጣቷ በፊት አባቴን ፀጉሩን አስነቅላዋለች። አንድም ፀጉር ሳያስቀር ጥርግ አድርጎላታል።

ሳይረፍድ ካርዷ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ግራ ብሌን ጠባሳ አለው ይላል። ቀኝ ዓይን ቀልቷል፤ ብሌን የሚነካ ፀጉር አልታየም፤ ሲጠየቁ አልነቅልም ብለዋል፤ ቅባት ታዞላቸዋል። ወይ ጉዴ! ደሜ ፈላ። የተቀለበሰ ቆብን ኮድ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እጄም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ግን ለቀዶ ሕክምና ሰው የሚመርጠው የሐኪሙን ጽሑፍ እንጂ የእኔን ቁጥር አያይም። ቅባት ተብላ ከተመለሰች በቃ፣ ቡድኑ እስኪመለስ ዓይኗ ይቆይ አይቆይ ማን ያውቃል?

ወጥቼ ሳያት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቅባቷን ይዛ ተቀምጣለች። አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። ለምን ዋሸሽ ብዬ ጮኽኩባት፤ እናቴ ላይ ጮኽኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ያ ባለሙያ ያላትን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ።

"አባትሽን ሰው ፊት አታሳጪብኝ" አለችኝ። "ዓይኔ ቢቀር ይቅር።"

አባቴ ሲመጣ ሐኪሙ እንደገና ሊያያት ነው ብዬ ሁለቱንም ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረፋው አድክሞታል፤ ቢሆንም ክፉ ሰው አይደለም። ሽፋሽፍቷን እንደምትነቅል ነገርኩት። ወደ እናቴ ዞሮ እማማ እውነት ነው ወይ ሲላት፣ ልጄ ከተማ ከገባች ብዙ ጊዜዋ ነው፣ የቤታችንን ነገር ረስታዋለች አለችው። እንዲህ ብላ እኔኑ ውሸታም አደረገችኝ! ሐኪሙም ግራ ገብቶት እሷንም እኔንም ያያል።

አባቴ ጠዋት ውጪ ነበር የጠበቃት፤ አሁን ግን በር አጠገብ ቆሞ ነበር። እናቴ ስትዋሽ ሰምቶ አያውቅም፤ ደንግጦ አያት። ለማን ብላ እንደምትዋሽ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ባርኔጣውን አወለቀ።

"እኔ ነኝ የምነቅላት" አለ። "ዛሬም ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ነቅያታለሁ።"

ሐኪሙ መብራቱን አስጠግቶ ቆቧን ገልበጥ አድርጎ ብዙ ቆየ። የተነቀለበትንና ተቆርጦ የቀረውን አየ፤ ቆቡም ጠርዙ ወደ ውስጥ መዞሩን አየ። የመጀመሪያውን ሰርዞ፣ ቀኝ፣ የላይኛው ቆብ፣ በትራኮማ ጠባሳ የተቀለበሰ ብሎ ጻፈ። ለቀዶ ሕክምናም መዘገባት። እኔ እፎይ ብዬ ልወጣ ስል አባቴ ካለበት አልተነቃነቀም።

"ግራውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ?" ሲል ጠየቀ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አስቀመጠውና በትዕግሥት አስረዳው። ዓይኑን የሚጎዳው ፀጉሩ መሆኑን፣ መንቀል ለጊዜው እንደሚያሳርፍ፣ ተቆርጦ የሚቀረው ግን እሾህ ሆኖ እንደሚወጋ፣ ዋናው ጉዳት ደግሞ በመንቀሉ እየተጽናኑ ለቀዶ ሕክምና መዘግየታቸው እንደሆነ ነገረው። አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"እሱ ባይነቅልልኝ ይቺኛዋም አትኖርም ነበር" አለች እናቴ። "ይሄንንም ጻፍልኝ።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ አጋደመ። ሐኪሞችን ሁሉ ጻፉ ጻፉ እያልኩ የማስቸግረው እኔም ይሄን ጻፍላት አላልኩትም። እናቴ ጥቂት ጠበቀችና፣ እንደማይጽፍ ሲገባት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

በማግስቱ ቀኝ ዓይኗ ተሠራ፤ ተሳካ። ኮዱን የሰጠሁት ራሴ ነኝ፤ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረውም። አባቴ ግን እኔ ቤት በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ምግብ የሚበላው በግድ ነው። እናቴ ስታጫውተው አዎ ብቻ ይላታል። ቤቱ ከበደኝ።

ወደ አገር የሚመለሱ ዕለት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"የግራው ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"ጠባሳ ይላል፣ አባዬ።"

"ማን እንዳደረገው ይላል?"

"አይልም። እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።"

ረዳቱ ሞላ፣ ግቡ እያለ ይጣራል። አባቴ ክንዴን ለቀቀ።

"እንግዲያ እኔው በልቤ እይዘዋለሁ" አለኝና ሄዶ እናቴ በማታይበት በግራዋ በኩል ተቀመጠ።