አሥር ቁጥር ያልነበረችበት ካርቶን

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ ናኦድ ስልኬን ወስዶ ኳስ ሲጫወትበት ዋለ። መልሶ ሲሰጠኝ ስልኬ ላይ የነበረው ብር የለም። ልጁ አልደበቀኝም። ጨዋታው ውስጥ ሳጥን ይሸጣል፤ ገዝተሽ ትከፍቻለሽ፤ የምትፈልጊው ተጫዋች ካልወጣ ሌላ ትገዢያለሽ አለኝ። ተጫዋቹ ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን በምን አወቅህ ብለው ትከሻውን ነቀነቀ። ልቆጣው ነበር፣ ሳቄ ቀደመኝ። አሥር ቁጥር ትዝ አለችኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ። የምንኖረው ድሬ ውስጥ፣ ከከዚራ ዛፎች ወጣ ብሎ፣ ባቡር ሲገባ መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ ሰፈር ነበር። መታጠፊያው ላይ የጋሽ ዩሱፍ ሱቅ አለ። ሐልዋው፣ ቴምሩ፣ ከጅቡቲ ተደብቆ የገባው ዕቃ ሁሉ እሱ ጋ ይገኛል። አንድ ቀን አንድ ትልቅ የማስቲካ ካርቶን አመጣ። በየማስቲካው ውስጥ ቁጥር ያላት የኳስ ተጫዋች ሥዕል አለች። ከአንድ እስከ ሃያ አሟልቶ ለመጣ፣ ጋሽ ዩሱፍ በመረብ አድርጎ ጣሪያው ላይ የሰቀለውን የቆዳ ኳስ ይሸልማል። በዚያ የግንቦት ሙቀት በሩ ላይ ቆሜ የኳሱን ቆዳ ሳሸት እውል ነበር።

እኔ ተጫዋች አልነበርኩም። ተጫዋቹ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ነው። ሰፈሩ ያብድለት ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሁሉ የጨርቅ ኳስ ሲለጋ የኖረ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቶ ሁርሶ ማሠልጠኛ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ከመሄዱ በፊት፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እውነተኛ ኳስ ሲመታ ማየት ፈለግኩ። የምወደውን ሳንቡሳ እርም ብዬ ማስቲካ ገዛሁ፤ መንጋጋዬ እስኪዝል አኘክሁ። አሥራ ዘጠኙ ሞሉልኝ። አሥር ቁጥር ግን የለችም። ሰፈሩን ቤት ለቤት አዳረስኩት፤ ያያት ሰው አልተገኘም።

ጋሽ ዩሱፍን ስጠይቀው፣ “አቦ ትወጣለች፣ አንቺ ብቻ ግዢ” ይለኛል። ግርማ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ንዴቴ ገነፈለ። ማንንም ሳላማክር ቀበሌ ሄጄ ለፍርድ ሸንጎው ክስ አስገባሁ። የሌለ ነገር እየሸጠልን ነው ብዬ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ የምድር ባቡር ሠራተኛው አባቴ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ያዘ። “ካርቶኑ ሸንጎ ፊት ሲወጣ ፊናንስ ፖሊስ ከየት መጣ ቢልስ? ሰውየውን ልታሳስሪው ነው?” አለኝ። የለበስኩት ቀሚስ ራሱ በየት በኩል እንደገባ እያወቅሁ፣ የድሬ ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ዩሱፍ ካርቶኑን አቅፎ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። የሸንጎው ሰብሳቢ ልብስ ሰፊዋ አዴ ዘይነባ ነበረች። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። ከጅቡቲ የመጣ ሸሚዝ ያልለበሰ ሰው ያየች አይመስለኝም።

“ካርቶኑ ከየት እንደመጣ ማንም አልከሰሰም” አለች። “የተከሰሰው አሥር ቁጥር የለችም ተብሎ ነው። ኑ፣ ሁላችሁም ላጡ።”

ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ ማስቲካውን ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ።

“ማስቲካ ምን ይደረጋል? አኝኩት።”

ያን ቀን ያየሁት ግርግር ደግሞ አልገጠመኝም። አሮጊት ሽማግሌው፣ ዘብ የቆመው አብዮት ጠባቂ ሳይቀር እየላጠ ሥዕሉን ያነሳል፣ ቁጥሩን ይጠራል፣ ያኝካል። ሰባት ሲባል እንጨበጭባለን፣ አሥራ አንድ ሲባል “ኧረ ቀረብን” እንላለን። በመጨረሻ ካርቶኑ ባዶ ሆነ። አሥር ቁጥር የለችም። ፊናንስ ቢመጣም የሚይዘው ኮንትሮባንድ የለም፤ ሁላችንም አፍ ውስጥ ነው።

ጋሽ ዩሱፍ ባዶውን ካርቶን ገልብጦ አራገፈው። ፊቱን ሳይ እሱም እንደኔ ሲጠብቃት እንደነበር ገባኝ።

“እኔንም ሸውደውኛል” አለ። “የሸጠልኝን ሰው የት አገኘዋለሁ? ኳሱን የሰቀልኩት ግን እኔ ነኝ።”

ፍርዱን አልጠበቀም። ወጥቶ ሄደና ኳሱን ከነመረቡ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። አለቀስኩ።

በማግስቱ ደቻቱ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ጋሽ ዩሱፍ ሽርጡን ሰብስቦ በረኛ ሆነ። ግርማ የመጀመሪያዋን ሲመታ የቆዳው ድምፅ ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ጋሽ ዩሱፍ ከነኳሱ አሸዋው ላይ ወደቀ፤ ተነስቶም ልጁን ግንባሩን ሳመው። ሰኞ ግርማ ሁርሶ ገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ በሕይወት ተመለሰልን፤ ስለዚያ እሑድ ሳያወራ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

ናኦድን ትናንት እጁን ይዤ የሸማቾችን አቤቱታ ወደሚቀበሉበት ቢሮ ሄድኩ። ልጁ በኀፍረት ሊሞት ነበር። የተቀበለችን ወጣት ግን በጥሞና ሰማችኝ፤ ቅጽ አውጥታ መሙላት ጀመረች። የሻጩ አድራሻ የት ነው አለችኝ። እኔ ናኦድን አየሁት፤ ናኦድ ስልኩን አየ። ቅጹ ላይ የአድራሻው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ስንመለስ ሆን ብዬ በድሮው መታጠፊያ በኩል ወሰድኩት። ሱቁ የለም፤ ሰውየውም ካረፈ ቆይቷል። ለልጁ ቦታውን በጣቴ አሳየሁት። ጋሽ ዩሱፍ እዚህ በር ነበረው። ያኔ አንኳኳሁ፤ ወጣልኝ።