እንደ ሞፈር የተቃናው ሞተር

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ቢሮ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየሁ ያቁነጠንጠኛል፤ ስብሰባ ላይ እግሬን ሳወዛውዝ ስንቴ ተቆጥተውኛል። የመንግሥት ሠራተኛው በቢፒአር እንደ አዲስ በሚደለደልበት ሰሞን ቡሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ከደመወዙ ይልቅ ደስ ያለኝ ሞተር ሳይክሉ ነበር። አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ሲዘጋ ለወረዳው ትቶት የሄደ ነው። የሌሎቹ ሞተሮች ፍሬም ብረት ሲሆን የእኔው አልሙኒየም ነበር፤ ቀላል፣ ዳገት የማይፈራ። የክትባት ሳጥኔን አዝዬ ብቅ ስል የገጠሩ ሰው «ሴቷ ባለሞተር መጣች» እያለ ከብቱን ይሰበስባል። ያችን ስም እወዳት ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ወንዝ ስሻገር ጭቃው አዳለጠኝና ወደቅሁ። ወርጄ መግፋት ሲገባኝ ተጣድፌ ነው፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ሞተሩ ደግሞ ከኋላው ድንጋይ ላይ አርፎ ኖሮ፣ ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬሙ አጥንት ጎበጠ። ማሳ ሲያርሙ የነበሩ ሰዎች ደግፈው እኔንም ሞተሩንም ከአንድ ሽማግሌ ቤት አደረሱን።

ሽማግሌው በሬዎቻቸውን ያከምሁላቸው ሰው ናቸው። በአካባቢው ሞፈር በማቃናት የታወቁ ናቸው፤ የጎበጠውን እንጨት ቅቤ ቀብተው፣ ፍም ላይ አሙቀው፣ በጠፍር ወጥረው ቀጥ ያደርጉታል። እኔን ወጌሻ አሸኝና ሕመሙና ድካሙ ተደምሮ እንቅልፍ ጣለኝ። ከሰዓት በኋላ ስነቃ ሞተሩ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ጉብጠቱ የለም። ሽማግሌው የቤንዚን ጋኑንና መቀመጫውን አስፈትተው ራቅ አድርገው አስቀምጠዋል፤ ከዚያ የጎበጠውን ቅቤ ቀብተው፣ የኩበት ፍም አስጠግተው፣ ደጃቸው ካለው የዋንዛ ዛፍ ጋር በጠፍር ወጥረው አቅንተውታል። እንደ እርጥብ እንጨት ታዘዘልኝ አሉ፤ ፊታቸው ሁሉ ሳቅ ሆኖ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ እግሬ ሲድን በዚሁ ሞተር ከኋላዬ አስቀምጬ ፍኖተ ሰላም የተዳረች ልጃቸው ዘንድ እንደማደርሳቸው ቃል ገባሁ። በዕድሜያቸው ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። ማን ጠየቀሽ? ማንም። አፌ አያርፍም።

እግሬ ሲሻለው ቡሬ ካለ መካኒክ ዘንድ ወሰድሁት፤ አይቶ ደህና ነው እንዲለኝ ብቻ ነበር። መካኒኩ መቀመጫውን ፈትቶ ፍሬሙን በቤንዚን ሲጠርገው ፀጉር የመሰለች ቀጭን ስንጥቅ ወጣች። ማን ነካው አለኝ፤ ነገርሁት። እጁን በእጁ መታ።

«ብረት ሲግል ይቀላል፤ ያስጠነቅቅሻል» አለኝ። «ይኼ አልሙኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ ነው የሚሞተው። ፍሬሙ ይቀየር። ሰው ከኋላ እንዳታስቀምጭ።»

ብየዳውስ ብዬ ሙጭጭ አልሁ። አልሙኒየም የሚበይድ ማሽን እሱ ጋርም ፍኖተ ሰላምም የለም፤ ቢኖርም አንዴ ያለ ልክ የሞቀ አጥንት ላይ እጄን አላሳርፍም አለ። ተናድጄ ወጣሁ። የተናደድሁት በማን እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።

የቢሮው የንብረት ኃላፊ ደግሞ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ቀጥ ብሎ የለም እንዴ፣ ምኑ ነው የሚቀየረው አለ። ይቀየር ካልሽ ሪፖርት ጻፊ፤ ማን ጣለው፣ ማን ነካው፣ በምን ነካው የሚለው ይመለስ፤ ኮሚቴ ይቀመጥበታል፤ የሞተሩ መለያ የሆነው የሻንሲ ቁጥር ፍሬሙ ላይ ስለተመታ ደብዳቤው ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ይሄዳል፤ እስከዚያ ሞተሩ ይታሰራል አለኝ። ሞተሩ ከታሰረ እኔም ወንበር ላይ ታሰርሁ ማለት ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን «ማን ነካው» የሚለው መስመር ነው። የመንግሥት ንብረት በእሳት አቃጠሉ ተብለው ሽማግሌው ኮሚቴ ፊት ሲቆሙ ታየኝ። ወድቄ ያነሱኝን ሰው! የሪፖርቱን ወረቀት አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

ሁለት ሳምንት እንደምንም ቻልሁት። መስኮት ላይ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼን አላሠራ አልኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉን አነሣሁ። ብቻዬን ነኝ፣ ቀስ እላለሁ፣ ሳጥኑን ጀርባዬ ላይ አዝላለሁ እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ጉድጓድ በዘለልሁ ቁጥር ከሥሬ ሲጥ የሚል ነገር ይሰማኛል፤ ቆሜ በጣቴ እዳብሳለሁ፤ ደግሞ እነሣለሁ። በሬ መርፌ እየወጋሁ ልቤ ሞተሩ ጋ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ደግሞ ማረፍ የለም። ያም ሆኖ አላቆምሁም።

ሽማግሌው በየቅዳሜው ለገበያ ቡሬ ይመጣሉ፤ እኔም ለገበያው ከብት ስል ቅዳሜም ቢሮ እገባለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤንዚን የለም አልኋቸው። በሁለተኛው ግምገማ አለብኝ አልሁ። በሦስተኛው በአጥሩ በኩል ሲመጡ አይቼ መድኃኒት ማከማቻው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እኔ፣ ከሰው ፊት የማልሸሸው፣ ካርቶን መሃል ቁጢጥ ብዬ የሰው ኮቴ አዳመጥሁ። በራሴ አፈርሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ከቢሮ ስወጣ ሽማግሌው ሞተሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላ፣ ልክ ስንጥቋ ላይ። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል፤ ለልጃቸው የያዙትን የማር ቅል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ይውረዱ» አልኋቸው። ከአፌ የወጣው ካሰብሁት በላይ ሻካራ ነበር።

ቀስ ብለው ወረዱ። ቅሉን መሬት አስቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ከኋላሽ ሽማግሌ ማስቀመጥ አፍረሽ እንደሁ ንገሪኝና ልሂድ።»

ሁሉንም አፈረጥሁት፤ መካኒኩ ያለውን፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ሪፖርቱ፣ ስለ ቤንዚኑ ውሸቴ፣ መድኃኒት ማከማቻ ውስጥ ስለ መደበቄ ሳይቀር። መቀመጫውን ፈትቼ ስንጥቋን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱባት። ስንጥቋ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ረዝማለች፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። ያን ሁሉ የተጨነቅሁት ልባቸው እንዳይሰበር ስለነበር ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

«አንች ግን ትወጭበታለሽ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«አዎ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ጠዋት ወጥቼበታለሁ።»

ቀና አሉ። ተቆጥተዋል፤ እኔ የጠበቅሁት ቁጣ ግን አልነበረም።

«ለእኔ የፈራሽውን ለራስሽ ምነው ሳትፈሪ? አንች የሰው ልጅ አይደለሽም?»

ስለ ስማቸው፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ክብራቸው አንድ ሁለት ቃል ጀመርሁ። እሳቸው በመዳፋቸው ዝም አሰኙኝ።

«ወረቀቱን አምጭና ስሜን ጻፊ። እሳቱን ያነደድሁት እኔ ነኝ። አንችን ቀብሬ ስሜ ንጹሕ ቢሆን ምን ያደርግልኛል?»

ወረቀት ላመጣ ገባሁ። መሳቢያ ውስጥ የከተትሁትን አውጥቼ ይዤ ወጣሁ። ፍሬሙ ይቀየር ብዬ ጀመርሁ፤ «ማን ነካው» የሚለው ላይ ስደርስ እሳቸው ከጎኔ ቆመው ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ አስጻፉኝ።